ድግሴን የበሉ ሴቶች

ሞጣ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለምወድሽ እታለም፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምቱ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ከትናንት ወዲያ የጀመረው ዝናብ አላባራም፤ ደጁ ሁሉ ጭቃ ነው።

ዛሬ ሀብትነሽ ቤት ጥጥ ስንፈትል ዋልን። በጥር ልጇን ስለምትድር ለጋቢው እያገዝናት ነው። ትርሲት፣ ውበቴና ጎረቤቴ ዘሚራ ነበሩ። ውበቴን ታውቂያታለሽ፤ ቢቸና ከቤታችን በታች ያደገችው ናት። የሰርግ ነገር ተነሥቶ ሁሉም እንዴት እንደተዳሩ ሲያወሩ የእኔ ተራ ደረሰ። ሠላሳ ዓመት ዝም ያልኩትን ዛሬ ምን እንዳናገረኝ አላውቅም። በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ከወንዝ መንገድ ላይ አፍነው እንደወሰዱኝ፣ ጉንደ ወይን አጠገብ በአንድ የእህል ቤት ዐሥራ ሰባት ቀን ተዘግቶብኝ እንደከረምኩ፣ አፌን በገዛ ነጠላዬ እንዳሰሩት ነገርኳቸው።

መጀመሪያ የሳቀችው ውበቴ ናት። ኧረ ተይ አንቺ፣ ድግስሽን በልቼ የለም እንዴ፣ እናትሽ እስክስታ ስትመታ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ልጇ የተጠለፈባት እናት እንዲያ ትጨፍራለች ወይ አለችኝ። ድግሱ የተደገሰው ሽማግሌ ገብቶ ዕርቅ ከወረደ በኋላ መሆኑን፣ እናታችንም ሰው ስለሚያያት እንደጨፈረች አስረዳኋት። እሷ ግን የወጡን ቅመም ሳይቀር ታስታውሳለች። ትርሲት ደግሞ፣ ይኼንንማ ከስኳር መጠቅለያ ላይ አንብባው ነው ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። ፊደል የለየሁት በመጠቅለያ ጋዜጣ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

ሀብትነሽ አልሳቀችም። የባሰውን የተናገረችው ግን እሷ ናት። እቴ፣ ባልሽ የሞተ ዕለት ፊትሽን ስትቧጭሪ እጅሽን የያዝንሽ እኛ ነን፣ ታዲያ ያ ሁሉ ለቅሶ ለማን ነበር አለችኝ።

ለቅሶው እውነት ነው፣ እታለም። ሃያ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሲታመም አስታምሜ ቀብሬዋለሁ። የእህል ቤቱም እውነት ነው። ይህን እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? እንዝርቴን አንሥቼ መፍተሌን ቀጠልኩ፤ ክሩ በየስንዝሩ ይበጠስብኝ ጀመር።

ክፉዎች አይደሉም። ስታመም ውኃ የሚያቀምሱኝ እነሱ ናቸው። ለዚህም ነው የከበደኝ፤ እነሱ ካላመኑኝ ሌላ ሰው የለኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። በጥር ለሰርጉ ስትመጪ አጠገባቸው ተቀመጪና፣ እውነቷን ነው፣ እኔ አውቃለሁ በያቸው። ሌላ ነገር አትጨምሪበት፣ ይህችው ትበቃኛለች።

በማግስቱ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልዬ መናኸሪያ ወረድኩ። ለቢቸናው መኪና ሹፌር ሰጠሁትና ጥቂት ሄድኩ። ተመልሼ ተቀበልኩት። አሁን በአንድ ሱቅ ጥግ ተጠልዬ ይህን እየጻፍኩልሽ ነው።

ትናንት ስንበተን ዘሚራ ብቻ እስከ ደጄ ሸኘችኝ። ያን ቀን ወንዝ የወረድሽው ከማን ጋር ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ብቻዬን አልኳት። እሱን ወዲያው አመነችኝ። አብረን ወርደን እንስራሽን ሳትሞዪ ቀድመሽኝ መመለስሽን አልነገርኳትም። ለዕርቁ ቤት ስመጣ ለብሰሽው ያገኘሁሽን፣ ማን እንደገዛልሽ ያልጠየቅኩሽን አዲስ ቀሚስም አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።

ይህን ደብዳቤ ልጆቹ እንዳያነቡልሽ፤ ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል፣ አሽጌ ልሰጠው ነው። ጉልበትሽን ይማርልኝ፣ እስከ ጥር እመቤቴ በሰላም ታቆይልኝ። መኝታሽን ከእኔ ጋር አደርገዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ