መምህር እሳትና ከባሕር የወጣው ተራራ

ተማሪዎቻቸው «መምህር እሳት» የሚሏቸው አባታችን ከድንጋይ ፈላጭ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ከከተማችን በላይ ባለው የተራራ ሰንሰለት ግርጌ ተወለዱ። የትምህርት ቤት ወረቀታቸው ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነው ይላል፤ የጡረታ ደብተራቸው ደግሞ ሰባ ስድስት። የትኛው ልክ እንደሆነ ስንጠይቃቸው «እኔም ግራ ገብቶኛል» ከማለት በቀር አልረዱንም።

በተወለዱበት ከተማ ተምረው፣ ከመምህራን ኮሌጅ በጂኦግራፊ ተመርቀው፣ በሃያ አራት ዓመታቸው እዚያው ባደጉበት ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። በዓመቱ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ እናታችንን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። በክፍሉ መስኮት የሚታየውን ሰንሰለት እየጠቆሙ፣ ተራራው በሙሉ ከምድር ሆድ በወጣ እሳት እንደተሠራ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማሩ። ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ ወጣ።

አዲሱ መንገድ ተራራውን ሲሰነጥቅ፣ የዶዘር ሹፌር የሆነ የተማሪ አባት አንድ ድንጋይ ይዞ መጣ። «መምህር፣ ይሄ የባሕር ዛጎል አይደል? እላይ ምን ይሠራል?» አላቸው። አባታችን «የጣለው ሰው ይኖራላ» አሉ። በማግስቱ ግን ራሳቸው ወጡ። የተቆረጠው ገደል ከላይ እስከ ታች ዛጎል ነበር፤ የድንጋዩ ንጣፎችም እንደተሸበሸበ ብርድ ልብስ ተጣጥፈዋል። ያን ቀን እራት አልበሉም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተራራውን ምዕራፍ እየዘለሉ አስተማሩ።

ለዩኒቨርሲቲ ጽፈው መልስ መጣላቸው። ሁለት ግዙፍ የመሬት ቅርፊቶች ቀስ በቀስ ተገፋፍተው በመሃላቸው የነበረውን የባሕር ወለል አጣጥፈው አንሥተውታል። በስተደቡብ ያሉት ጥቂት ጫፎች ግን በእርግጥም እሳተ ገሞራ የሠራቸው ናቸው። ተራራው ዛሬም በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ይነሣል፤ ዝናብና በረዶ ደግሞ መልሰው ይሸረሽሩታል። ደብዳቤው ይበልጥ ግራ አጋባቸው፤ ልክ አልነበሩም፣ ጨርሰውም አልተሳሳቱም።

ከዚያ በኋላ ዛጎሉን በኪሳቸው ይዘው የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ ማረም ጀመሩ። እናታችን «አንተ ሰው፣ አርፈህ ተቀመጥ! ማን ያስታውሰዋል?» ሲሏቸው «እኔ አስታውሰዋለሁ» አሉ። ከተማሪዎቻቸው አንዷ፣ ዛሬ ፋርማሲስት የሆነችው፣ «መምህር፣ በዚያ ፈተና ዘጠና አምስት አግኝቻለሁ፤ ሊቀነስብኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ርእሰ መምህሩ ግን የአእምሮ ጤንነታቸውን ተጠራጥረው ሐኪም ዘንድ ላኳቸው። ሐኪሙ ጤነኛ ናቸው አለ። ሴት ልጃቸው ከእሳቸው ጋር መንገድ ላይ ለመታየት አፈረች። እኛ ቤተሰቦቻቸውም ማንን ማመን እንዳለብን ጠፋን።

ጡረታ ከወጡ በኋላ አንዱን ቤት ሁለት ሦስቴ ማንኳኳት አመጡ። ያው የተለመደው ማረማቸው ነው ብለን ዝም አልን። እውነተኛው የመርሳት ሕመም የገባው ያኔ ነበር፤ ከጠባያቸው ሳንለየው አራት ዓመት አለፈ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

በመጨረሻዎቹ ወራት ራሳቸው ግራ ገባቸው። ባለፈው ሰኞ አልጋቸው አጠገብ ለተቀመጠችው ልጃቸው «የኔ ልጅ፣ ከእሳት ነው ከባሕር?» አሏት።

«ከባሕር ነው አባዬ። በደቡብ በኩል ግን እሳትም አለበት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኧረ አይደለሁም።»

«ጎበዝ» አሉና እጇን ያዙ። በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ከመካከላችሁ አባታችን ሳያዳርሷችሁ የቀራችሁ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ሊነግሯችሁ የፈለጉት ይህ ነው፦ ተራራው አብዛኛው ከባሕር ወለል የወጣ ነው፤ ስላሳሳቷችሁም ይቅርታ ይጠይቃሉ።

ጥያቄያቸው ሁሉ በሚመለስበት ስፍራ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ግራ ለገባን ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።