የሰባት ቀን ስህተት

ረቡዕ፣ ፌብ. 3፣ ጠዋት
መቀሶቹ ተቀቅለዋል። ጓንት፣ ፎጣ፣ የሕፃን ሚዛን ቦርሳው ውስጥ ገብቷል። ደብተሬ፣ ዕድሜዋን ሁሉ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴትዮ ዛሬ የአዋላጅ ቦርሳ ታዘጋጃለች! ኮሮና ከሥራ ቢያስወጣኝ፣ አዋላጇ ሲ/ር አበበች ረዳት ፈልገው አገኙኝ። ስልክ የማነሳ እኔ፣ እጅ የምይዝ እኔ፣ ሀበሾቹ በአማርኛ የሞሉትን ፎርም ወደ እንግሊዝኛ የምገለብጥ እኔ። ደስ ሲለኝ!

ዛሬ ግን ደብዳቤ መጣ። ከኢንሹራንሱ። የሲ/ር ውል በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ለማደስ አሁን የሚከታተሏቸውን እናቶች ፋይል በሙሉ እንይ ይላል። ቤት ለቤት ለሚያዋልድ ሰው ኢንሹራንስ መከራ ነው። ሁለት ካምፓኒዎች ገና "ቤት" ሲባል ስልኩን ዘግተውባቸዋል። ያለ ኢንሹራንስስ አይሠራም ወይ አልኳቸው። ሳቁ። ችግር ሲመጣ የሚደውሉለት ሐኪም ኢንሹራንስ ከሌላቸው ስልካቸውን አያነሳም። በቃ፣ ሥራው ይቆማል።

ይታደሳል! ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ፌብ. 9
የአዋላጆች ስብሰባ በዙም። አዋላጅ ሁሉ የስቴት ፈቃድ ያውጣ የሚል የሕግ ሐሳብ አለ። ግማሹ ሕጉ ይምጣ፣ ያኔ ኢንሹራንሱም ያከብረናል ይላል። ግማሹ ተዉን፣ በመመሪያ ብዛት ሊያንቁን ነው ይላል። ጩኸት! ሲ/ር ድምፃቸውን ዘግተው ሽንኩርት ይልጣሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ ብላቸው፣ ሕጉ መጣም ቀረም የእኔ ፋይል ንጹሕ ይሁን አሉ።

ከዚያ ከእናቶቻችን አንዷ ሰላም ጋ ሄድን፣ ከቻይናታውን ጀርባ። የመጀመሪያ ልጇ ነው። በዚህ በሽታ ሰዓት ሆስፒታል አልተኛም፣ ቤቴ እወልዳለሁ ብላለች። ባሏ ዳዊት የሕፃኑን ልብስ ሦስቴ አጥቦታል።

ማክሰኞ፣ ፌብ. 16
ፋይል ስካን አደርጋለሁ። የሰላም ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

እሷ በአማርኛ የመጨረሻ የወር አበባ፣ ሰኔ 5 ብላ ሞልታለች። እኔ እንግሊዝኛው ላይ ጁን 5። ሰኔ 5 እኮ ጁን 12 ነው! ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው፣ ሳልቆጥር። አልትራሳውንድ የተነሳችውም ዘግይታ፣ ቀኑ በትክክል በማይለይበት ጊዜ ስለነበር እሱም አላጋለጠኝም።

ሰባት ቀን ምን አላት እንዳትይኝ። ኢንሹራንሱ የቤት ወሊድ የሚሸፍነው እርግዝናው ሠላሳ ሰባት ሳምንት ሲሞላ ነው። በእኔ ቁጥር ሰላም በዚህ ዓርብ ትሞላለች። በእውነቱ ግን የሚቀጥለው ዓርብ ነው። በመሀል ምጥ ቢመጣ ሲ/ር ሳያውቁት ያለ ቀኑ፣ ያለ ሽፋን ሊያዋልዱ ነው። ብናገር ደግሞ ስርዝ ድልዝ ያለበት ፋይል ለኢንሹራንስ ልንልክ ነው። ዝም ብልስ? እዚያ ቢሮ አማርኛ የሚያነብ የለም።

እኔን!

ረቡዕ፣ ፌብ. 17
ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። መነጽራቸውን አደረጉ።

"ገነት፣ ነጭ ቀለም እንዳትቀቢ። በአንድ መስመር ሰርዢ፣ ትክክለኛውን ከላይ ጻፊ፣ ቀንና ስምሽን አስቀምጪ።"

"ኢንሹራንሱ ቢያየውስ?"

"እንዲያየው ነዋ።"

ሌሎቹን ፋይሎችም አንድ በአንድ ቆጠርን። ሲ/ር ጳጉሜን ሳይቀር በጣታቸው! ደህና ናቸው። ሁሉንም ላክን፤ ለእነ ሰላምም ደውዬ ስህተቴን ነገርኳቸው። እፎይ... ግን መልሱ ገና ነው።

ቅዳሜ፣ ፌብ. 20
ረፋዱ ላይ ሰላምን አመማት። ስድስት ቀን ይጎድላታል። ሲ/ር አላቅማሙም፤ ሆስፒታል አሉ። አለቀሰች። ዳዊት ስልኩን ነጠቃት። እትዬ ገኒ፣ ለሰባት ቀን ብላችሁ ነው? አለኝ። አዎ፣ ለሰባት ቀን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መንገድ ላይ እንደ ልብህ ስደበኝ፣ አሁን መኪና አስነሳ አልኩት። ሲ/ር ሲደውሉለት ሐኪሙ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ።

ሜዲካል ዲስትሪክት፣ የሆስፒታሉ ፓርኪንግ። በኮሮና ምክንያት ከእሷ ጋር የገባው ዳዊት ብቻ፤ እኔና ሲ/ር መኪና ውስጥ መስኮት ከፍተን። አስር ሰዓት አካባቢ ቁርጠቱ ቆመ፣ ሂጂ ተባለች። እየሳቀች ወጣች። ልጁ ፋይሉን አንብቦ ተመለሰ አለችን።

ዓርብ፣ ፌብ. 26
ትናንት ከኢንሹራንሱ ሴትዮ ደወለች። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለዚያች መስመር ነው። ማን ሰረዘ? ረዳቴ፣ አሉ ሲ/ር። ምን ሰርተፊኬት አላት? የላትም። እኔ አጠገባቸው ነኝ።

ዛሬ መልስ መጣ። ታደሰ! አንድ ዓመት! እልል ልል ስል ሲ/ር ወረቀቱን ወደ ጀርባቸው አደረጉ። ተቀብዬ አነበብኩት። ሰርተፊኬት የሌለው ሰው ከዛሬ ጀምሮ ፋይል ላይ አይጽፍም ይላል። እኔን ነው። ሳቅሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ወጥቼ እንደገና ሳቅሁ፤ ታድሷላ!

ማክሰኞ፣ ማርች 2
ሰላም ወለደች! ቤቷ! ቀኗ ሞልቶ! ወንድ፣ ጩኸቱ ቻይናታውን ድረስ።

ጭንቅላቱ ብቅ ሲል እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ሲ/ር ሁለት እጃቸው ሕፃኑ ላይ ነው፤ በልማድ ጮኹ፤ "ገነት፣ ሰዓቱን ጻፊ!"

"አልጽፍም ሲስተር፣ ተከልክያለሁ!"

"እንግዲያ እንዳትረሺው!"

አስር ሰዓት ከአስራ ሁለት፣ አስር ሰዓት ከአስራ ሁለት፣ እንደ ጸሎት እደግማለሁ። ሰላም በላብ ተነክራ ቀና አለች። "እትዬ ገኒ፣ በሀበሻ ነው በፈረንጅ?" ዳዊት ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ሲ/ር እጃቸውን ታጥበው እስኪጽፉት ድረስ አላቆምኩም።

እቤት እንደገባሁ የረዳት አዋላጅ ኮርሱን ፎርም ሞላሁ። ሰኞ ይጀምራል። አስራ ሁለተኛ ክፍል ይበቃል ብለዋል፤ አርባ ዘጠኝ ዓመት ይበዛል ያለ የለም። ለምን መማር ፈለጉ ለሚለው ሦስት መስመር ሰጥተዋል። ለእኔ፣ ለዚያች ለፍላፊ፣ አንዱ በቃኝ፦ የሚቀጥለውን ልጅ ሰዓት ራሴ ልጽፍ።