ደሳለ የመረጠው ቦርሳ

ልጄ የትናየት፣ ጻድቁ ነአኩቶ ለአብ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። ሪያድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ አባትሽም ጉልበቱን ስለተሻለው ቤተ ክርስቲያን መሳም ጀምሯል።

ወንድምሽ ደሳለ ደሴ ገብቼ ሙያ ልማር ስላለኝ፣ ቅዳሜ ቦርሳ ልገዛለት አብረን ገበያ ወረድን። እኔ ጋቢና ብርድ ልብስ የሚይዝ ሰፊ ቦርሳ አነሳሁ። እሱ ግን ትንሿን፣ ወገብ ላይ የምትታሰረዋን መረጠ።

«ብርዱን በምን ልትችለው ነው?» አልኩት።

«እማዬ፣ ትልቁ ሲሮጡ ይከብዳል።»

«ለትምህርት ማን ይሮጣል?»

ትንሿን ቦርሳ መልሶ አስቀመጠ። ነጋዴው ፊት ላፋጥጠው አልወደድኩም፤ ሳንገዛ ተመለስን። ዳገቱን ስንወጣ ራሱ ነገረኝ። ከጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ አንቺ ሊመጣ ነው። «እህቴስ በዚያው አይደል የሄደችው?» አለኝ።

አልከለከልኩትም፤ ብከለክለው ሳይነግረኝ ይሄዳል። እስከ ጥምቀት ቆይልኝ ብዬ ለምኜው እሺ ብሎኛል።

የትናየትዬ፣ በዚያ መንገድ ያየሽውን አንድም ቀን ነግረሽኝ አታውቂም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁሽም። ለእኔ ይቅርብኝ። ለእሱ ግን ደውለሽ፣ ሳታሳምሪ፣ ሁሉንም ንገሪው።

እመቤቴ ከክፉ ዓይን ትሰውርሽ፤ በሕይወት ታገናኘን።

እናትሽ ወለተ ሐና