አንተም ታከም

ውድ እንዳሻው፣

ስልኩን ከዘጋህብኝ ወዲህ ቤት ውስጥ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል። የጠረግኩትን መልሼ እጠርጋለሁ። ባጃጅ በር ላይ በቆመ ቁጥር አንተ የመጣህ ይመስለኛል፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ልቤ ድው ይላል። በስልክ ያላስጨረስከኝን እንግዲህ በደብዳቤ ስማኝ።

ፈቃድህን ጨርሰህ ወደ ያቤሎ ከተመለስክ በኋላ ብልቴን ያሳክከኝ ጀመር። ቀጥሎ መጥፎ ሽታ ያለው ቢጫ ፈሳሽ መጣ፤ ስሸና ያቃጥለኛል። እዚህ ካምፑ ውስጥ ያሉት የወታደር ሚስቶች «ብርድ ነው» አሉኝ። በሎሚና በሳሙና ታጠብኩ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰው አጠገቤ ሲቆም «ይሸተው ይሆን?» እያልኩ መሸሽ ጀመርኩ።

ያወቀችብኝ ወተት የምታመጣልን ሰንበቴ ናት። «አካም፣ ተናኜ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም እያለችኝ ስትገባ ደህና አድርጌ መቀመጥ እንዳቃተኝ አየች። ስነግራት አልሳቀችም፣ አልተጸየፈችኝም።

«እኔም አሞኝ ያውቃል። ተነሽ፣ እንሂድ» ብላ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ነርሷ ሲስተር ፉዚያ መርምራኝ፣ «በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ኢንፌክሽን ነው። አትፍሪ፣ በኪኒን ይድናል። ውስጥሽን በሳሙና መታጠብ ተዪ። ባልሽም ባያመውም ይታከም፤ አለዚያ መልሶ ይይዝሻል» አለችኝ።

«ከሱ ነው ማለት ነው?»

«ከማን እንደመጣ ምርመራው አይናገርም። ምልክት ሳያሳይም ብዙ ሊቆይ ይችላል።»

ይህንኑ ልነግርህ ነበር የደወልኩት። አንተ ግን «እኔን ነው የምትጠረጥሪው?» ብለህ ጮህክብኝ። እንዳሻው፣ ነርሷን ብጠይቃትም እኔኮ ያን ጊዜ ገና አልጠረጠርኩህም ነበር። አሁን ነው እንቅልፍ ያጣሁት። አንዴ «ድንጋጤ ነው ያስጮኸው» እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ድምፅህ ይመጣብኝና እነሳለሁ።

ኪኒኑን ጨርሼ ተሽሎኛል። አንተም በቅርቡ ትመጣለህ አሉ። ና፣ ቤትህ ነው። ሳትታከም ግን አብሬህ አልተኛም። ሽማግሌ ብትልክብኝም ምክንያቱን ሳላፍር ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ።

ሌላ ሴትም ካለች ንገረኝ። አለቅሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ለእሷ ግን ዛሬውኑ ንገራት። እሷም የትም ትሁን የት፣ አፍራ ለብቻዋ እየተሠቃየች ይሆናል።

ሚስትህ ተናኘወርቅ
ከነገሌ