ከአስር ስንት?

ጥቅምት 2

ጠዋት ሁለት ሹሩባ፣ ከሰዓት አንድ ቀለም። ቀለሟን ሳጥብላት ወጋኝ... ያው የተለመደው፣ ከቀኝ ጎድኔ ሥር። የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዤ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ደንበኛዋ ዓይኗን ጨፍናለች፣ አላየችም። ምላጭ ግን አየች። ጸጉር ቤቱ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ናት፤ ምላጭ ያልኳት እኔ ነኝ፣ በምላሷ የተነሳ። «አሞሽ ነው ወይስ ፊትሽ ነው እንደዚህ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ሳቁም ወጋኝ።

የሐሞት ከረጢቴ ጠጠር ሞልቶታል። የሚመጣው ሰኞ ይወጣል። ሐኪሙ ሲያወራው ቀላል ነው። ለእሱማ ቀላል ነው።

ጥቅምት 5

አባዬ ቤት ሄጄ ነገርኩት። «አይዞሽ፣ አንቺ የኔ ልጅ ነሽ» አለ። እኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ምርቃት የለም። አናጺ ሳለ መጋዝ ጣቱን ቆርጦት፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የጀመረውን በር ገጥሞ ጨርሶ ነው ሐኪም ቤት የሄደው። ታሪኩን የማያውቅ ዘመድ የለም። በቤታችን «አመመኝ» አይባልም። ሆድ ይፍጀው ነው።

የምፈራውን አልነገርኩትም። ቢላውን አይደለም፤ ያኔ ተኝቻለሁ። ግን ቢያስተኙኝና ባልነቃስ? ብነቃስ... ማስታወኩስ? ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ማስታወክ የምፈራው ነገር የለም። ሆዴ ተሰፍቶ ሳለ ቢመጣብኝ? ስፌቱ ቢተረተርስ? አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ይህን ለማን ትናገራለች?

ጥቅምት 8

ነገ ነው። ከእራት በኋላ ምንም እንዳልቀምስ ተነግሮኛል። እራቱስ ማንን አማረው።

ጥቅምት 10

ነቅቻለሁ። ነቅቻለሁ!

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ማደንዘዣ የሰጠችኝ ሴት «የምትወጂውን ነገር አስቢ» አለችኝ። ማሰብ ሳልጀምር አልቆ ነበር። ጉሮሮዬ ተፍቆ፣ ጥርሴ በብርድ እየተንገጫገጨ ነቃሁ። ለህመሙ መርፌ ወጉኝ። ትንሽ ቆይቶ መጣ... የፈሩት ይደርሳል። አረንጓዴ፣ መራራ። በእያንዳንዱ ጊዜ አሁን ተቀደደ እያልኩ ፋሻውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሲስተሯ «ስፌቱ ይዟል፣ አትፍሪ» አለችኝ። አላመንኳትም።

መርፌው ነው። ከመርፌው በኋላ ነው የመጣው። ሁለተኛ አልወጋም።

ጥቅምት 11

ሲስተሯ በመጣች ቁጥር አንድ ጥያቄ አላት፦ ህመሙ ከአስር ስንት ነው? አባዬ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀምጧል። ሁለት አልኩ። ውሸት። ዝም ብዬ ስተኛ ስምንት ነው፣ አየር ስስብ ዘጠኝ። አባዬ ቀና ብሎ ክፍሉን ሁሉ ቃኘ፣ ሰው ሰምቶ እንደሆነ ለማየት። ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ... ሞኝ።

መርፌው ቀርቶ ክኒን ሆነ። ምላሴ ሥር ይዤ ቆየሁና ሲስተሯ ስትዞር አውጥቼ ሻሼ ውስጥ፣ ቋጠሮው ጋ ሸጎጥኩት።

ተነሽና ተራመጂ ትላለች። በደንብ ተንፍሺ፣ ጠንከር አድርገሽ ሳይ ትላለች። እሺ እላታለሁ። ትከሻዬን ብቻ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ።

አጠገቤ ያለችው ሴት የኔኑ ዓይነት ኦፕራሲዮን ነው የሆነችው። ጯሂት ብያታለሁ። ስትገላበጥ «ወይኔ ጎኔ!»፣ ስትቀመጥ «ኧረ በሕግ!» አባዬ ከንፈሩን ያጣምማል። እኔም ታዘብኳት።

ጥቅምት 12

ጯሂት ኮሪደሩን ስትመላለስበት ዋለች። ትጮኻለች፣ ያስታግሱላታል፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች። እኔ ጣሪያውን አያለሁ። ከላይ ከላይ ነው የምተነፍሰው። ጠለቅ ሲል ይወጋኛል።

ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። ክኒኑን እኮ አልዋጥኩም! ታዲያ መድኃኒቱ አይደለም ማለት ነው? ሲስተሯን ልጠይቃት ብዬ አፈርኩ። ሁለት ያልኩትን አሁን ስምንት ልበል? አባዬ እየሰማ?

ሻሹ ከብዶኛል። ሦስት ክኒን አይከብድም፣ አውቃለሁ።

ጥቅምት 13

ትኩሳት። ሳልም መጣ። ሳል ይዋጣል? ይዋጣል። ጥርሴን ነክሼ እውጠዋለሁ። ግን ደረቴ ውስጥ የሚያንኮራኩር ነገር አለ፣ በእስትንፋሴ ላይ ይሰማኛል።

ጯሂት ወደ ቤቷ ሄደች። በሩ ላይ ዞር ብላ «አይዞሽ እህቴ» አለችኝ። በእግሯ ነው የሄደችው።

አየር እያጠረኝ ነው። ልሞት ነው እንዴ? እንዲህ ሳልናገር፣ «ደህና ነኝ» እያልኩ?

ጥቅምት 14

ምላጭ ማበጠሪያና ቅባት ይዛ መጣች። ጸጉርሽ የወፍ ጎጆ መስሏል ብላ፣ ሳልከለክላት ሻሹን ፈታችው። ክኒኖቹ አንሶላው ላይ ተበተኑ። አንዱ መሬት ወርዶ ተንከባለለ። ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም አሉ። አንቺ ደግሞ መድኃኒቱን ሸሸግሽ» አለችኝ በመጨረሻ። እያለቀሰች ነበር። ወጥታ ሲስተሯን ጠራቻት።

ሲስተሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ማቅለሽለሹን ማደንዘዣውም ያመጣዋል፣ ባዶ ሆድም፣ ህመሙ ራሱም አለች። መርፌውም ሊያመጣው ይችላል፣ ግን ብነግራት ለእሱም መድኃኒት ነበራት፣ አስቀድማ ትሰጠኝ ነበር። ህመሙን ፈርቼ ስላልተነፈስኩ ስላልሳልኩም አክታው ሳንባዬ ሥር ተኝቷል። ራጅ ተነሳሁ። ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ አደረጉልኝ። ካልተሻለኝ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እወሰዳለሁ፣ ሐኪሙ ነው ያለው፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ሲስተሯ አጎንብሳ «እንደገና ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ከአስር ስንት?»

አባዬ መጥቶ እግርጌ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየሁም። ዓይኑን አየሁ።

«ዘጠኝ» አልኩ።

አባዬ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ጥቅምት 15

መጀመሪያ የማቅለሽለሹን ሰጡኝ፣ ቀጥሎ የህመሙን። ጠበቅሁ... አልመጣም። ሲስተሯ ትራስ ሆዴ ላይ አስታቀፈችኝና አሁን ሳይ አለች። ሳልኩ። አመመኝ፣ አለቀስኩ፣ ስፌቱ ግን አልተተረተረም። አክታው ወጣ። እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ።

አባዬ አልመጣም። አሳፍሬው ይሆን? ትኩሳቱ አልወረደም። ሌላው ሁሉ ቀርቶ የእሱ አለመምጣት ነው የጨነቀኝ።

ጥቅምት 16

መጣ። ጺሙን አልተላጨም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መስኮቱን እያየ ነው የተናገረው፦

«እናትሽም ‹ደህና ነኝ› ነበር የምትለኝ። ሆዷን ይዛ ወጥ ስትሠራ እያየሁ። እኔም ‹ጎበዝ› እላታለሁ።»

እማዬ ስትሞት ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ድንገት ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ድንገት አልነበረም? መጠየቅ ፈራሁ። ውሃውን አንስቶ ሰጠኝ፤ ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ አለኝ። ሲስተሯ ስትመጣ እሱ ቀድሞ «ልጄን ያማታል» አላት።

ጥቅምት 21

ቤቴ ነኝ። ትኩሳቱ ከወረደ ቆየ። ሲያቅለሸልሸኝ ደረቅ ብስኩት እቆረጥማለሁ፣ ተደግፌ እቀመጣለሁ፣ ያልፋል። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ያመኛል» እላለሁ። ምላጭ ደንበኞችሽን ሁሉ ወርሻለሁ ብላ ላከችብኝ። አሁንም ስተኛ እፈራለሁ። እስትንፋሴን እያዳመጥኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ኅዳር 9

ግማሽ ቀን ሠራሁ። ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጥፍር ብቻ። እኩለ ቀን ላይ አባዬ ደወለ። እሱ ስልክ ደውሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የምደውለው እኔ ነኝ። የደንበኛ ጣት እጄ ውስጥ እያለ አነሳሁት።

«ደረቴን ይጫነኛል» አለ።

ምላጭ ታክሲ ጠራችልኝ፤ ከቤቱ አንስቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ አዳምጦት፣ ደረቱ ላይ ሽቦዎች ለጥፎ ወረቀቱን ካየ በኋላ መቼ እንደጀመረው ጠየቀው። የዛሬ ይሆናል ብዬ ነበር። ቢበዛ የሰሞኑ።

«ካቻምና» አለ አባዬ።

ዞሬ አየሁት። መሬት መሬቱን ያያል። ካቻምና! አልጋዬ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ቀና ብሎ ክፍሉን ሲቃኝ... ልቆጣው አፌን ከፈትኩ፣ እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዟል።

መድኃኒት ሰጥተውታል። የልብ ሐኪሙ ነገ ጠዋት ያየዋል፤ እስከዚያ ከሰው ጋር ይሁን፣ ከባሰበት ወዲያው አምጪው ብለውኛል። እኔ ጋ ነው የሚያድረው። ሳሎኑ ላይ አነጠፍኩለት። ካመመህ ጥራኝ አልኩት። እሺ አለ። እሺ ማለቱንስ ማን ያምነዋል? በሩን ገርበብ አድርጌ ይህን እጽፋለሁ። ቢጠራኝ ምን አደርጋለሁ ብዬ እፈራለሁ። ባይጠራኝስ?

ድምፅ ነው? ...

ጠራኝ። ልሂድ።