«ስበር» ብዬ የሰማሁት ቃል

ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፰፻፺፪ ዓመተ ምሕረት
አሶሳ

ይድረስ ወምበራ ላለችው ለማናለብሽ፣ ለቤቴ ምሰሶ፤

ይህ ወረቀት ሲነበብልሽ ልጃችን ጸሐይ ጉያሽ ውስጥ ናት። ስመሽ፣ አልቅሰሽ፣ ራሷን ዳብሰሽ ስትጨርሺ «አባትሽስ?» ሳትዪ አልቀረሽም። አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዘንድሮ ግን አልመጣም። ዓባይ ሳይሞላ ትሻገር ብዬ ልጅቱን ከታማኝ ሰው ከሐመድ ጋር ልኬልሻለሁ፤ እኔ ክረምቱን እዚሁ ነኝ። አባ ስዩም፣ እርስዎም ሲያነቡላት እዚህ ላይ ትንሽ አረፍ ይበሉ፤ መናደዷ አይቀርምና።

ተናደድሽ? ይገባሻል። አሁን ስሚኝ።

ሁለቱ ልጆች ውኃ ሊቀዱ ወርደው የተወሰዱ ዕለት ኑራ ደጃችን ላይ ስትወድቅ፣ «ያንቺን ዓዲላንም የእኔን ጸሐይንም በሁለት እጄ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ መማሌን አንቺው ሰምተሻል። ሃይማኖታችን ቢለያይም ከኑራ ጋር እሳት ተጫጭረን የኖርን ጎረቤታሞች ነን። ዛሬ የላክሁልሽ አንዷን ብቻ ነው። ዓዲላን ያሳጣኋት እኔ ነኝ።

ልጆቹን ያገኘኋቸው እዚህ አሶሳ፣ ከሩቅ አገር በመጣ አንድ ነጋዴ ግቢ ነው። «ገዝቻቸዋለሁ» ይላል፤ ከማን ሲሉት አይናገርም። ለዳኛው ጮህሁ። ዳኛውም «የዛሬ ሳምንት ማክሰኞ፣ ገበያ ሲቆም፣ ሁለቱንም አስቀርቤ ከአፋቸው ሰምቼ እፈርዳለሁ። እስከዚያ ማንም ማንንም እንዳይነካ» አለ። ሰባት ቀን ስለነበረኝ ሱባዔ ልግባ አልሁ። ሙርሳል የሚባል የበርታ ሽማግሌ አስጠግቶኝ ነበርና ከጓሮው ባለች ጎጆ ጥሬ እየቆረጠምሁ፣ «ጌታ ሆይ፣ መንገዱን እስክታሳየኝ ንቅንቅ አልልም» ብዬ ተቀመጥሁ።

ንቅንቅ አልልም ያለው ባልሽ የቆየው ሦስት ቀን ነው!

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጸሐይ ስታለቅስ ሰማሁ። የነጋዴውን ግቢ ከሙርሳል ግቢ የሚለየው የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። መጥረቢያ አነሣሁ። እንደ መንፈሳዊ ሰው ደግሞ ቆም ብዬ «ጌታዬ፣ አንዲት ቃል ብቻ ስጠኝ» አልሁ። ይኸኔ ሙርሳል ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ እጁን እያወዛወዘ ጮኸ፤ «ስበር! ስበር!»

ከዚህ የበለጠ ምን ምልክት አለ? ሰበርሁ። ገብቼ ጸሐይን ጎትቼ አወጣኋት። ዘበኞቹ ሲደርሱብኝ ትንሽ ተጋፋን። ስለ ቀኝ ክንዴ ልጅቱ ብዙ ብታወራሽ አትስሚያት፤ ልጅ ያጋንናል። ጽሕፈቴም የተንጋደደው ብርዑ ክፉ ስለሆነ ነው።

ዓዲላ ግን ከግቢው ማዶ እህል ትፈጭ ነበር። አይታኛለች። «አባባ፣ እኔስ?» ብላ ጮኸች። ልመለስ ስል በሩ ተዘጋ። ቀትር ሳይሆን ነጋዴው በቅሎ ላይ ጭኗት ወደ ኩርሙክ፣ ወደ ድንበሩ ወጣ። ማክሰኞ ዳኛው ሲቀመጥ ተከሳሽ የለም፣ ልጅ የለችም፤ የተገኘሁት ጥፋተኛ እኔ ነበርሁ።

ሙርሳል ቅጠል ቀጥቅጦ ክንዴን ሲያስርልኝ «አንተ ለምን አጥር ሰበረ?» አለኝ።

«ስበር ያልኸኝ አንተ አይደለህም?»

«እኔ? ላ፣ አይደለም! እኔ ‹እስቢር› ነው ያለ። እስቢር እኛ ቤት ታገሥ ማለት ነው። መጥረቢያ አየ፣ ደነገጠ፣ አማርኛ ጠፋ።»

መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። በመጀመሪያ በሽማግሌው ምላስ ላላክክ ሞክሬ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ጆሮ ነው። ማለዳ ማለዳ ጸሎቴን ስደግም «ታገሥ» የሚለው ቃል በገዛ አፌ ይወጣ ነበር። እሱን ትቼ ሌላ ቃል እለምን ነበር። ልቤ አስቀድሞ ቆርጦ ነበርና ከእግዚአብሔር የፈለግሁት ማኅተሙን ብቻ ነው። አንቺ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትዪኝ የለ? ይኸው ተፈታ፤ በሰው ልጅ ላይ መፈታቱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወታደር መጥቶ «አምስት ሆነን ኩርሙክ እንውረድ፣ በጉልበት እናምጣት» አለኝ። ታውቂኝ የለ፣ ደሜ ፈላ። ነገር ግን «ሰባት ቀን ስጠኝ» ብዬ ጎጆዬ ገባሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰባቱንም ቀን ምንም አልመጣልኝም። ሕልም አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። ያልተነገረኝን እንደተነገረኝ አድርጌ ላለመነሣት ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥሁ፤ ከጾሙ ይልቅ ይህ ከበደኝ። በስምንተኛው ቀን ሙርሳል ከኩርሙክ የመጣ ዘመዱን ይዞልኝ መጣ። ዓዲላ በሕይወት አለች! ነጋዴው ያለው ድንበሩ አፋፍ ላይ ነው፤ የታጠቀ ሰው ካየ በዚያው ይሻገራል። ካልነኩት ግን የዝሆን ጥርሱን ዳኛው አሽጎ ይዞበታልና ክረምቱ ሲወጣ መመለሱ አይቀርም። የሙርሳል ዘመዶች የሆኑ ሽማግሌዎችም ሊያናግሩት ወርደዋል። ያን ጊዜ ከወታደሩ ጋር ወርጄ ቢሆን ኖሮ ዓዲላ ድንበር ተሻግራ ቀርታ ነበር።

ስለዚህ እጠብቃለሁ። መጠበቅ መተኛት እንዳይመስልሽ። በየማክሰኞው ዳኛው ደጅ እቆማለሁ። የሰበርሁትንም አጥር መልሰህ እጠር ተብያለሁና በግራ እጄ ቀርከሃ እየተከልሁ ነው። ሙርሳል ሥራዬን እያየ ይስቅብኛል፤ የማሽላ ገንፎውን ግን አልነፈገኝም።

አሁን አንድ ነገር አደራ። ለጸሐይ እልል ብለሽ እንደሆነ ይብቃሽ፤ ኑራ ትሰማለች። ዛሬውኑ አባ ስዩምን ይዘሽ ቤቷ ሂጂና ይህ ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበብላት። «እግዚአብሔር ያለው ሆነ» እንዳትዪያት። እግዚአብሔር አላለም፤ እኔ ነኝ የቸኮልሁ። ብትረግመኝ ዝም ብለሽ ስሚልኝ። ጸሐይንም ከፊቷ አትደብቂ፤ ዓዲላ ስትፈጭ ምን ታንጎራጉር እንደነበር ታውቃለችና ትንገራት።

ልጃችንን ወንዙን ያሻገረ አምላክ ቤትሽን ይጠብቅ፤ ዘርሽን ያብቅል፤ ክረምቱን ያቅልልሽ። ናፍቀሽኛል፣ ማናለብሽ።

ኑራ «መቼ ይመጣል?» ብላ ብትጠይቅሽ «አላውቅም» በያት። «ያለ ዓዲላ ግን አይመጣም» በያት።

ባልሽ አንዳርጋቸው