የዘይነባ ዕድሜ

ረቡዕ

የፊልሙ ኮሚቴ ዛሬም ሳይስማማ ተነሣ። በትምህርት ቤት የምመራው ክበብ ተማሪዎች ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ የሠሩት ፊልም እሑድ በከተማው አዳራሽ ይታያል፤ የጠለፋው ትዕይንት ግን አጨቃጨቀን። መሪጌታ «ይቆረጥ» አሉ። ሼህ እንድሪስ «ልጆች አይዩት እንጂ አይቆረጥ» አሉ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነሽ ተብዬ የሌላውን አገር ሕግ አንብቦ ማምጣት እኔ ላይ ወደቀ።

ሐሙስ

ሳነብ ዋልኩ። ሕንድ ቦርድ አላት፤ እሱ ካልፈቀደ ፊልም ሲኒማ ቤት አይገባም፤ ያስቆርጣልም። አሜሪካ ደረጃ የሚሰጠው መንግሥት ሳይሆን የፊልም ሠሪዎቹ ማኅበር ነው፤ አንዳንዱን ፊልም ልጅ ከወላጁ ጋር ከሆነ ያያል። ስዊድን ለአዋቂ የሚከለክሉት የለም፣ የልጆቹን ዕድሜ ብቻ ይወስናሉ። እንግሊዝ የመጨረሻው ቃል የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ይኼን መሪጌታ ይወዱታል።

ሁሉም ዕድሜ ይቆጥራሉ። እኛ ዘንድ ዕድሜ እንደ ጠያቂው ነው፤ እሱ ነገር ከነከነኝ።

ዓርብ

የአሜሪካውን መንገድ ወሰድን፦ ከአሥራ ስምንት በታች ከወላጅ ጋር ብቻ። የጋብቻውም ዕድሜ እሱ አይደል ብለን። ምንም አልተቆረጠም። «ወላጅ ካለማ ምን ቸገረኝ» አሉ መሪጌታ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ደስታዬ ግን ከበር አላለፈም። ሙሽራዋን ሆና የተወነችው ዘይነባ ቆማ ትጠብቀኛለች። «ቲቸር፣ እኔስ?»

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አባቷ አቶ ይመር ግን ለጋብቻ ሊጠይቋት ከከላላ ለተላኩ ሽማግሌዎች «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ብለዋል። አሥራ ስምንት ነኝ ብላ ብትገባ የአባቷን ቃል በሰው ፊት ታጸናለች። እውነቱን ብትናገር ደግሞ አባቷ ካልመጡ የራሷን ፊልም አታይም። ተናደድኩ፤ በእሳቸውም፣ በራሴም።

ቅዳሜ

አቶ ይመርን በግ ተራ አገኘኋቸው። ነገ ከልጅዎ ጋር ይምጡ አልኳቸው። «ትልቅ ሰው አይደለች? ብቻዋን ትግባ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከበጉ ሳያነሡ። ተመለስኩ። «አሥራ አምስት ናት» ማለት ነበረብኝ ይሆን?

እሑድ

አቶ ይመር ከዘይነባ ጋር መጡ! ከኋላቸው ከከላላ ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። በር ላይ የቆሙት ሼህ እንድሪስ ናቸው።

«ይመር፣ አላህ ይሰማል። ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው?»

አቶ ይመር ዞር ብለው ሽማግሌውን አዩ። ዘይነባ ጫማዋን ታያለች።

«አሥራ አምስት» አሉ ቀስ ብለው። «አብሬያት እገባለሁ።»

ጠለፋው ላይ ሲደርስ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ዘይነባ ግን እስከ መጨረሻው አየች።

ነገ ቤታቸው ምን እንደሚባል አላውቅም። ዛሬ ግን አሥራ አምስት ብለዋል፤ ሽማግሌውም ሰምተዋል።